ፎርማት ከማድረጋችን በፊት



ዛሬ የምናገረው አንቲቫይረስ የሚሠሩ ሰዎች እውቀታቸውን ከየት እንደሚያገኙ ነው። ብዙዎቻችን አንቲቫይረስን የምናውቀው በኮምፒውተሩ ቀኝ ጥግ ባለች ትንሽ ምልክት ነው። አንዳንዴ ቀይ ትሆናለች፣ አንዳንዴ አፕዴት ትጠይቃለች፣ እኛም እንዘጋታለን። ከምልክቷ ጀርባ ያለው እውቀት ግን ከአንድ ብልህ ሰው ጭንቅላት ብቻ የፈለቀ አይደለም። የመጣው ከተጎዱ ሰዎች ነው። አንድ ቦታ አንድ ሰው ኮምፒውተሩ ታመመበት፤ የበሽታውንም ምክንያት ሳያጠፋ ለሚመረምር ሰው አሳልፎ ሰጠ። መከላከያው የተሠራው ከዚያ ነው። በእኛ በአፋር ከተሞች ያለው ልማድ ደግሞ ሌላ ነው፤ ኮምፒውተር ሲታመም ፎርማት እናደርገዋለን። የዛሬው ንግግሬ በዚህ ልማድ ላይ ነው። ቀኖቹን፣ ወራቱንና ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ያዙልኝ።

በጣም ከምናውቀው ነገር ልጀምር። ከአዋሽ ሰባት ወደ ሰመራ የሚላክ ሪፖርት ዛሬም ብዙ ጊዜ የሚሄደው በፍላሽ ነው። ኔትወርክ ሲቋረጥ ወይም ፋይሉ ሲከብድ ፍላሹ በአንድ ሰው ኪስ ገብቶ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። መንገድ ላይ አንድ ገጽ ለማተም ፎቶ ኮፒ ቤት ይሰካል፤ ሰመራ ሲደርስ ደግሞ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ይሰካል። ሲከፈት ፎልደሮቹ ሁሉ በቦታቸው ያሉ ይመስላሉ። ቀረብ ብሎ ላየው ግን በእያንዳንዱ ፎልደር ግራ ጥግ ትንሽ ቀስት ተጨምራለች፤ መጠኑም 1 ወይም 2 ኪሎ ባይት ብቻ ነው። ሾርትከት ቫይረስ የምንለው ይህ ነው።

እውነተኞቹ ፋይሎች አልጠፉም። የተደበቁ የሲስተም ፋይሎች ናቸው ተብለው ምልክት ስለተደረገባቸው ብቻ ከዓይን ተሰውረዋል። ሾርትከቱን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ግቡና ታርጌት የሚለውን መስመር አንብቡት። የፎልደሩ ስም ከመምጣቱ በፊት ሌላ ትእዛዝ ተጽፎ ታገኛላችሁ፦ መጀመሪያ ይህን ስክሪፕት አስነሣ፣ ቀጥሎ ፎልደሩን ክፈት። ተጠቃሚው ፎልደሩ ስለተከፈተለት ምንም አይጠረጥርም፤ ቫይረሱ ግን ቀድሞት ገብቷል። ያቺ አንዲት መስመር የስክሪፕቱን ስም፣ የተቀመጠበትን ቦታና የአነሣሡን ዘዴ ትነግራችኋለች። ለሚመረምር ሰው ትልቅ ሀብት ናት።

አሁን ደግሞ የሚሆነውን እንይ። ባለፍላሹ ጥገና ቤት ይሄዳል። «ፋይል አለው?» ይባላል፤ አለው። ፋይሉ ወደ ሌላ ቦታ ይገለበጣል፣ ፍላሹ ፎርማት ይደረጋል፣ ፋይሉ ይመለሳል፣ ስክሪፕቱም አብሮ ይመለሳል። ኮምፒውተሩ ከሆነ የታመመው ደግሞ አዲስ ዊንዶውስ ይጫንበታል፣ ክራክ የተደረገ አንቲቫይረስ ይጨመርለታል፣ በሳምንቱም ያው ፍላሽ ይሰካበታል። ጥገና ቤት የሚሠሩ ወጣቶችን እየወቀስኩ አይደለም። ደንበኛው ቆሞ ይጠብቃል፣ መብራት ሊጠፋ ይችላል፣ የሚከፈላቸውም ለማስነሣት እንጂ ለመመርመር አይደለም። የማዝነው በየዕለቱ የሚጠፋውን እውቀት ሳስብ ነው።

በዓለም ላይ ይህ ሙያ እንዴት እንደጀመረ ተመልከቱ። በ1986 ብሬን የተባለው ቫይረስ ከፓኪስታን፣ ከላሆር ከተማ፣ ከሁለት ወንድማማቾች እጅ ወጥቶ በፍሎፒ ዲስክ ዓለምን ዞረ። ያኔ አንቲቫይረስ ሠሪ የሚባል ሙያ ገና አልነበረም ማለት ይቻላል። በ1989 በሞስኮ የዩጂን ካስፐርስኪ የሥራ ኮምፒውተር ካስኬድ በተባለ ቫይረስ ተያዘ። ካስኬድ በስክሪኑ ላይ ያሉትን ፊደላት አንድ በአንድ ወደ ታች የሚያረግፍ ነበር። ካስፐርስኪ ቫይረሱን ፈታትቶ አጠና፣ ማስወገጃ ጻፈለት፣ ከዚያም ሌሎች ቫይረሶችን መሰብሰብ ጀመረ። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ኩባንያ መነሻው ያ ስብስብ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አሠራሩ ቀላል ነበር። ናሙናው ይመጣል፣ ባለሙያው በቫይረሱ ውስጥ ብቻ የሚገኝ የባይት ቅደም ተከተል ይመርጣል፣ ያ መለያ በዝርዝሩ ይገባል። ቫይረስ ጸሐፊዎቹም ይህን አዩ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በተባዙ ቁጥር መልካቸውን የሚለውጡ ቫይረሶች መጡ። ቋሚ የባይት ቅደም ተከተል ጠፋ። የአንቲቫይረስ ሠሪዎቹ ምላሽ ፕሮግራሙን በኮምፒውተሩ ውስጥ በተዘጋጀ የማስመሰያ ክፍል ማስነሣት ሆነ፤ ቫይረሱ ራሱን እንዲፈታ ይጠብቁና ከውስጥ የወጣውን ይመለከታሉ። መልክን ትቶ ምግባርን ማየት የተጀመረው በዚህ ነው፤ ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ተጨምሮበት የሚሠራውም ከዚያው መንገድ የቀጠለ ነው። አሜሪካዊው ፍሬድ ኮኸን ደግሞ በ1980ዎቹ አንድ ነገር በሒሳብ አረጋግጦ ነበር፦ ማንኛውንም ቫይረስ ሳይሳሳት የሚለይ ፕሮግራም ሊኖር አይችልም። ይህ ማለት ከገጠመኝ መማር የማይቀር ግዴታ ነው ማለት ነው። ዛሬ የጀርመኑ ኤቪ-ቴስት ተቋም በየቀኑ ከ450 ሺህ በላይ አዳዲስ ጎጂና ያልተፈለጉ ፕሮግራሞችን እንደሚመዘግብ ይናገራል።

በፍላሽ የሚኖር ሰው ከሁሉ በላይ ሊያውቀው የሚገባው ታሪክ የኮንፊከር ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ማይክሮሶፍት በጥቅምት 2008 አንድ የዊንዶውስ ቀዳዳ የሚደፍን ማስተካከያ አወጣ። ወር ሳይሞላ፣ በኅዳር፣ ኮንፊከር በዚያው ቀዳዳ ገብቶ መሰራጨት ጀመረ። ማስተካከያው ወጥቷል፤ ያልጫኑት ናቸው የተያዙት። በታኅሣሥ ማለቂያ ሁለተኛው ዓይነት ሲመጣ በፍላሽም መተላለፍ ጀመረ። ፍላሹ ሲሰካ ዊንዶውስ «ምን ልክፈት?» የሚለው መስኮት ትዝ ይላችኋል? ኮንፊከር በዚያ መስኮት ውስጥ የፎልደር ምስል ያለበት «ፎልደሩን ክፈት» የሚል የራሱን መስመር አስገባ። ከእውነተኛው መስመር ጋር ሲታይ ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም፤ የእሱን የነካ ሰው ቫይረሱን አስነሣ ማለት ነው። ኦቶራን የሚባለውን ፋይልም አንቲቫይረሶች እንዳያነቡት ትርጉም በሌለው ዝባዝንኬ ሞላው።

መርማሪዎቹ ናሙናውን ሲፈቱ ሌላ ነገር አገኙ። ኮንፊከር ትእዛዝ የሚቀበልባቸውን የኢንተርኔት አድራሻዎች ከዕለቱ ቀን ተነሥቶ በቀመር እያሰላ በየቀኑ 250 ስሞች ይፈጥራል። ባለቤቱ ከእነዚህ አንዷን ቢመዘግብ ይበቃዋል። መርማሪዎቹ ቀመሩን ስላገኙ የነገን ስሞች ዛሬ ማወቅ ቻሉ። ማይክሮሶፍት፣ አንቲቫይረስ ኩባንያዎችና የአድራሻ መዝጋቢ ተቋማት በየካቲት 2009 ተሰባስበው ስሞቹን ቀድመው መያዝ ጀመሩ። በገበያ የሚፎካከሩ ድርጅቶች ናቸው፤ ለዚህ ጉዳይ ግን አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። የቫይረሱ ባለቤቶች ደግሞ ይህን አይተው በቀጣዩ ዓይነት ቁጥሩን በቀን ወደ 50 ሺህ አሳደጉት። ትምህርቱ በሁለቱም ወገን ነበር። ከዚህ ሁሉ በኋላ በየካቲት 2011 ማይክሮሶፍት ለድሮዎቹ ዊንዶውሶች በአፕዴት አማካይነት የፍላሽን ኦቶራን ዘጋ፤ በዚያ መንገድ የሚመጣው ጥቃትም በወራት ውስጥ በእጅጉ ቀነሰ። ዛሬ ሾርትከት ቫይረሱ የእኛን ክሊክ የሚጠብቀው በራሱ የሚነሣበት በር ስለተዘጋበት ነው።

ፎርማትን በተመለከተ ግን ከሁሉም የሚያስተምረኝ የስታክስኔት ታሪክ ነው። በ2010 በቤላሩስ ሚንስክ ከተማ ቫይረስብሎክአዳ የተባለ ብዙ ሰው የማያውቀው ትንሽ ኩባንያ ነበር። ከኢራን አንድ ደንበኛ ጠራቸው፦ ኮምፒውተሮቹ እየጠፉ ይነሣሉ። ሰርጌይ ኡላሰን የተባለው ባለሙያ መጀመሪያ የዊንዶውስ አጫጫን ችግር መስሎት ነበር። በኋላ ግን አዲስ ዊንዶውስ የተጫነባቸው ኮምፒውተሮችም ተመሳሳይ ችግር እንደገጠማቸው ሰማ። ብዙዎቻችን እዚህ ላይ ሌላ ፎርማት እንሞክር ነበር። እሱ ለምን ብሎ ጠየቀ። ሲፈልግ በፍላሽ ላይ ባለ ሾርትከት የሚገባ፣ ክሊክ እንኳን የማይጠብቅ፣ ምልክቱ በስክሪኑ ላይ ስለታየ ብቻ የሚነሣ ፕሮግራም አገኘ። የዓለም ባለሙያዎች ለወራት ያጠኑት፣ የኢራንን የዩራኒየም ማበልጸጊያ መሣሪያዎች ለማበላሸት የተሠራው ስታክስኔት እንዲህ ተገኘ። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የደፈነው በነሐሴ 2010 መጀመሪያ ላይ ነው። ሚንስክ ውስጥ ያለ ትንሽ ቢሮ ይህን ከቻለ የሰመራ ባለሙያ የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም።

የራሳችንም ሰዎች ለዓለም ያስተማሩት አለ። በታኅሣሥ 20 ቀን 2013 ያኔ በውጭ አገር ይሠራ ለነበረው የኢሳት ቴሌቪዥን ሁለት ሠራተኞች፣ አንዱ ቤልጂየም ሌላው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ፣ በስካይፕ ፋይል ተላከላቸው። የሚነበብ ጽሑፍ መስሎ የቀረበ ነበር። ፋይሎቹ በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ላለው ሲቲዝን ላብ ደረሱ። የምርመራው ውጤት በየካቲት 2014 ሲወጣ ፕሮግራሙ የጣሊያኑ ሃኪንግ ቲም ኩባንያ ለመንግሥታት የሚሸጠው የስለላ መሣሪያ ሆኖ ተገኘ፤ ፋይል ይገለብጣል፣ የስካይፕ ንግግር ያዳምጣል፣ የይለፍ ቃል ይሰርቃል፣ የኮምፒውተሩን ካሜራና ማይክ ይከፍታል። በሐምሌ 2015 የኩባንያው የራሱ ሰነዶች አፈትልከው ሲወጡ ከአገራችን መንግሥት ተቋም ጋር የነበረው ውልም ታየ። በታኅሣሥ 2017 ደግሞ ያው ላብራቶሪ ሌላ ሪፖርት አወጣ። በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን የፍላሽ ፕሌየር አፕዴት ጫኑ እየተባሉ የእስራኤሉ ሳይበርቢት ፕሮግራም ተልኮላቸው ነበር። አጥቂዎቹ የመዝገብ ፋይላቸውን ለማንም ክፍት ትተው ስለነበር መርማሪዎቹ ከዓመት በላይ ሥራቸውን ሲከታተሉ ቆይተዋል። ፖለቲካው ለሌላ መድረክ ይቆይ። ለእኔ ትልቁ ነገር እነዚያ ሰዎች የደረሳቸውን ፋይል ደንግጠው ቢያጠፉት ኖሮ ይህ ሁሉ ሳይታወቅ ይቀር የነበረ መሆኑ ነው። በ2014 መጨረሻ እንዲህ ያሉ የስለላ ፕሮግራሞችን የሚፈልግ ዲቴክት የተባለ ነፃ መሣሪያ ለሕዝብ ሲወጣ፣ ከጀርባው እንደ እነሱ ካሉ ተጠቂዎች የተገኘ ናሙና ነበር።

አንቲቫይረስ ሠሪዎች ከራሳቸው ስሕተትም ተምረዋል፤ ትምህርቱም ውድ ነበር። በሚያዝያ 2010 የማካፊ አፕዴት ጤነኛ የሆነ የዊንዶውስ ኤክስፒ ፋይልን ቫይረስ ነው ብሎ በመያዙ ኮምፒውተሮች ደጋግመው ይጠፉና ይነሡ ጀመር። በሐምሌ 19 ቀን 2024 የክራውድስትራይክ የተሳሳተ አፕዴት፣ እንደ ማይክሮሶፍት ግምት፣ 8.5 ሚሊዮን ዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ጣለ፤ አውሮፕላኖች ቆሙ፣ ሆስፒታሎች ተቸገሩ። ከዚያ ወዲህ ኩባንያው እንዲህ ያለውን አፕዴት መጀመሪያ ለጥቂቶች ሰጥቶ፣ አይቶ፣ ከዚያ ለብዙው ማድረስ ጀምሯል።

እዚህ ላይ አፋር ራሷ ያየችውን አንድ ነገር ላንሣ፤ መድኃኒቱ መኖሩ ብቻ እንደማይበቃ፣ ከብት አርቢ ላለበት ጉባኤ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ሪንደርፔስት፣ ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በምጽዋ በኩል ገብቶ በክፉ ቀን የአገሪቱን ከብት ፈጀ። ክትባቱ ከተገኘ በኋላም በሽታው በአፋር ቆላ ለአሥርተ ዓመታት ቆየ። ምክንያቱ ክትባቱ በረዶ ይፈልጋል፤ በረዶ የያዘ መኪና ደግሞ አርብቶ አደሩ ያለበት አይደርስም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሙቀት የሚችል፣ ለአንድ ወር ያህል ያለ ማቀዝቀዣ የሚቆይ ክትባት መጣ። በ1994 ከማኅበረሰቡ የሠለጠኑ 20 የእንስሳት ጤና ሠራተኞች ክትባቱን ይዘው በእግራቸው ከብቱ ወዳለበት ሄዱና 73 ሺህ ያህል ከብት ከተቡ። ከ1995 በኋላ በሽታው በአፋር አልታየም፤ በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። በሽታው የቀረበትን ቦታ ለማወቅም ባለሙያዎቹ አርቢውን ይጠይቁ ነበር። ዳጉ በሚባለው የአፋሮች የወሬ ልውውጥ ልማድ ወሬ ከሰው ወደ ሰው በሚደርስበት አገር፣ የትኛው መንጋ መቼ እንደታመመ ከአርቢው በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

የእኛም ኮምፒውተሮች ችግር ከዚህ አይርቅም። መድኃኒቱ በየቀኑ ይወጣል፤ ኢንተርኔት የሌለው፣ ወይም ዳታ ለመቆጠብ አፕዴት የዘጋ፣ ወይም ክራክ ስለሆነ አፕዴት የማይቀበል ኮምፒውተር ዘንድ ግን አይደርስም። ስለዚህ ኔትወርክ ያለው ሰው አፕዴቱን በፍላሽ ይዞ ወደሌለው መሄድ አለበት። የማይክሮሶፍት ዲፌንደርም ሆነ ሌሎች ከኢንተርኔት ውጭ የሚጫን የአፕዴት ፋይል ያወጣሉ፤ አውርዶ ከሰመራ አዋሽ፣ ከአዋሽም ገዋኔ ማድረስ ይቻላል። ፍላሹ ቫይረሱን የሚያደርስበት መንገድ መድኃኒቱንም ያደርሳል። አንቲቫይረሱ መሥራቱን ለማረጋገጥ ደግሞ እውነተኛ ቫይረስ አያስፈልግም፤ አይካር የሚባል 68 ፊደላት፣ ቁጥሮችና ምልክቶች ያሉት ጉዳት የሌለው የመሞከሪያ ጽሑፍ አለ፣ አብዛኛው አንቲቫይረስ ያውቀዋል።

ናሙናውስ? የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች እንዲሁም በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ የአይሲቲ ባለሙያዎች፣ ይህ ለእናንተ ነው። ኮምፒውተር ሲታመም መጀመሪያ ከኔትወርክ አላቅቁት። ስክሪኑን በስልክ ፎቶ አንሡ። የትኛው ፍላሽ፣ ከየት መጥቶ፣ በስንት ሰዓት እንደተሰካ ጻፉ። የሾርትከቱን ታርጌት መስመር ቅዱ። አጠራጣሪውን ፋይል ሳትከፍቱ በይለፍ ቃል የተቆለፈ ዚፕ ውስጥ አስገቡት፤ በዓለም ያሉ መርማሪዎች በልማድ ለዚህ የሚጠቀሙበት የይለፍ ቃል «ኢንፌክትድ» የሚለው ቃል ነው፣ ተቀባዩ ሲያየው ምን እንደያዘ ያውቃል። ለአንቲቫይረሱ ኩባንያ ወይም በኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር (ኢመደአ) ሥር ላለው ኢትዮ-ሰርት አሳውቁ። ለጓደኛ ለማሳየት ብላችሁ ግን እንዳታስተላልፉት፤ ጎጂ ፕሮግራም ማሰራጨት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 (ይህ ብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የሚያስጠይቅ ነው።

ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ራንሰምዌር ከሆነ ደግሞ መታገሡ ይበልጥ ይጠቅማል። በሐምሌ 2016 የኔዘርላንድስ ፖሊስ፣ ዩሮፖልና ሁለት አንቲቫይረስ ኩባንያዎች ኖ ሞር ራንሰም የተባለ ሥራ ጀመሩ፤ በምርመራ የተገኙ ቁልፎችን በነፃ ያቀርባል። ዛሬ ያልተገኘ ቁልፍ ከዓመት በኋላ ሊገኝ ይችላል። ሐርድ ዲስኩን አውጥቶ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ፋይሉን የሚያገኝበት ዕድል አለው፤ ፎርማት ያደረገ የለውም።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ቫይረስቶታል የተባለው አገልግሎት በ2004 በስፔን ተጀምሮ በ2012 ጉግል የገዛው ነው፤ አንድን ፋይል በብዙ አንቲቫይረሶች በአንድ ጊዜ ያስመረምራል። ጠቃሚ ነው፤ ግን የሚጫንበት ፋይል በየአገሩ ላሉ ተመዝጋቢ መርማሪዎች ሊደርስ ይችላል። የደመወዝ ዝርዝር፣ የታካሚ መዝገብ፣ የተማሪ ውጤት ያለበት ሰነድ ቫይረስ ይዟል ብላችሁ ስትጠረጥሩ ሰነዱን እዚያ አትጫኑት። ከዊንዶውስ ጋር በሚመጣው ሰርትዩቲል በሚባለው ትእዛዝ የፋይሉን ሻ-256 አውጡ፤ 64 ፊደልና ቁጥር ይወጣል። ያንን ብቻ በመፈለጊያው ላይ ጻፉ። ሌላ ቦታ ቀድሞ ታይቶ ከሆነ ስሙን ታገኙታላችሁ፣ የማንም ሰው ደመወዝም ከቢሮአችሁ አይወጣም። ካልታየ ግን ያ ፋይል እዚያ ገና አልተመዘገበም ማለት ነው፤ ቫይረስ የያዘ ከሆነ መጀመሪያ ሪፖርት የምታደርጉት እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ።